የማን ተዝካር ነው?

የምኖርባት ክፍል ኮርኒስ ከእርዳታ ስንዴ ጆንያ የተሰፋ ነው። አከራዬ ጆንያዎቹን ተርትረው፣ አጥበው፣ ራሳቸው በፈተሉት የበግ ፀጉር ክር ጫፍ ለጫፍ ገጥመው፣ ከጓሳ ሣር ክዳኑ ሥር ወጥረውታል። ጥላሸትና የሣር ብናኝ አልጋዬ ላይ እንዳይረግፍ ነው። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው ሰማያዊ የፈረንጅ ፊደል ነው፤ አንዳንዱ የተገለበጠ፣ አንዳንዱ ስፌቱ ላይ ለሁለት የተቆረጠ። ክረምት ላይ ጉሙ በበሩ ስንጥቅ ገብቶ ክፍሉን ሲሞላው ፊደሎቹ ከጆንያው ተላቀው የሚንሳፈፉ ይመስለኛል። እኔም አብሬያቸው ትንሽ እንሳፈፍና ብርዱ ያነቃኛል።

ያደግሁት ዓለም ከተማ ነው። እኛ ዘንድ ቆላው ቅርብ ስለሆነ እንዲህ ያለውን ብርድ የምናውቀው በወሬ ነበር። ከሞላሌ ወጣ ብሎ፣ ወደ ጓሳ ተራራ አቅጣጫ ባለች በዚህች ቀበሌ መምህር ሆኜ ስመደብ እናቴ ያስያዘችኝ ጋቢ በመጀመሪያው ሳምንት እጁን ሰጠ። አከራዬ አዩኝና ምንም ሳይናገሩ የራሳቸውን ባና አምጥተው አለበሱኝ። ባና ከበግ ፀጉር የሚሠራ ከባድ የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲደርቡት በጓ ራሷ የተኛችብዎት ይመስላል። በዚያ ክብደት ሥር ሆኜ ነው እዚህ የኖርኩትን ኑሮ ሁሉ የማስታውሰው፤ ለዚህም ይሆናል ትዝታዬ ግማሹ ሕልም የሚመስለኝ።

አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ደብረ ብርሃን ሥራ ፍለጋ የወረዱባቸው ሴት ናቸው። እንዝርት ከእጃቸው አይለይም። ሲሄዱም፣ ሲያወሩም፣ ሰው ሲያሙም ይፈትላሉ። አንድ ነገር ከልባቸው ሊጠይቁ ሲሉ ብቻ እንዝርቱ ይቆማል።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናብ ይዞን ክፍሌ ውስጥ ተቀምጠን ሳለ እንዝርቱ ቆመ።

«ልጄ፣ አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ» አሉ ወደ ኮርኒሱ ቀና ብለው። «ስሙ የትኛው ጋ ነው ያለው?»

«የማን ስም፣ እማማ?»

«የሟቹ ነዋ። ስንዴው የተሰጠለት። የማን ተዝካር ነው?»

መላልሼ ጠይቄያቸው ነገሩ ገባኝ። አከራዬ ስንዴው መምጣት ከጀመረ ጀምሮ ሲያስቡት የኖሩት እንዲህ ነው። አይቶት ለማያውቀው ሰው፣ ያውም ባሕር ማዶ ላለ፣ ዝም ብሎ እህል የሚያበላ ሰው ምን ሌላ ምክንያት ይኖረዋል? ሰው ሞቶበታል። ለነፍሱ ብሎ ነው የሚያበላው። የተዝካር እህል የበላ ደግሞ «ነፍስ ይማር» ማለት ግዴታው ነው። እሳቸው ከእያንዳንዱ ማዕድ በኋላ ሲሉ ኖረዋል፤ ግን ለማን እንደሚሉ አያውቁም። የክርስትና ስሙን ቢያገኙ ለቄሱ ሰጥተው በጸሎት ሊያስነሱለት ይፈልጋሉ።

አልጋዬ ላይ ቆሜ አነበብኩላቸው።

«'አይሸጥም፣ አይለወጥም' ነው የሚለው፣ እማማ። እዚህኛው ላይ ደግሞ ክብደቱ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላው ስፌቱ ላይ ተቆርጧል።»

እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ስፌቱን ረጅም ጊዜ ተመለከቱት። «እንግዲህ ስሙ እሱ ላይ ነበር ማለት ነው» አሉና እንዝርቱን መልሰው አሾሩት።

ተማሪዎቼ «ቲቸር አንደኛ ካለች ሦስተኛ ሳትል አትቆምም» ይሉኛል፤ እውነታቸውን ነው። እንዲህ ያለ ስህተት ሳላርም ማለፍ አልችልም። ስለዚህ አስረዳሁ። አንደኛ፣ በዚያ አገር ሥራ ያለው ሰው ሁሉ ከደመወዙ ግብር ይቆረጥበታል። ሁለተኛ፣ መንግሥታቸው ከዚያ ግብር ላይ ቆንጥሮ ለሩቅ አገር ሰው እህልና መድኃኒት ይልካል። ሦስተኛ፣ ስለዚህ የሞተ ሰው የለበትም፤ ሰጪው በሕይወት ያለ፣ ምናልባትም መስጠቱን እንኳ የማያውቅ ሰው ነው። እንዲገባቸው ብዬ አንዲት ሴት ፈጠርኩላቸው። ገና ሳይነጋ በዝናብ አውቶቡስ ተሳፍራ ሥራ የምትሄድ፣ መስኮቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ የምታንቀላፋ ሴት። ከእሷ ደመወዝ ላይ የተቆነጠረው ነው ይህ ጆንያ የሆነው፣ አልኳቸው።

«ወድዳ ነው የምትሰጠው?»

«ሕግ ስለሆነ ነው እማማ።»

«ሳትወድ የሰጠች ጽድቅ አላት?»

አራተኛ ብዬ ጀመርኩና ተውኩት። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ የፈጠርኳት ሴት ከእኔ አልተለየችም። ጠዋት ፊደሎቹ ሲንሳፈፉ እሷ ከኋላቸው በመስኮቷ በኩል የምታየኝ ይመስለኛል።

የትምህርት ቤታችን የቀትር ምግብም ከዚያው ከባሕር ማዶ በሚመጣ እርዳታ ነበር የሚዘጋጀው። ለሠርግ የሚሆን ትልቅ የአሉሚኒየም ድስት ነበረን፤ ከግቢው ጥግ፣ በድንጋይ ጎልቻ ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ ከጉሙ ጋር ተቀላቅሎ የቱ ጉም የቱ ቅንጬ እንደሆነ አይለይም ነበር። ሦስተኛ ክፍል ሳስተምር የፊተኛው አግዳሚ ላይ የምትቀመጥ፣ ከጓሳ ሥር ካለው ከሩቁ ጎጥ የምትመጣ አንዲት ልጅ ነበረች። ማባዛት እያስረዳሁ አፍንጫዋን ወደ መስኮቱ አዙራ «ቲቸር፣ ዛሬ ቅንጬ ነው» ትላለች። ተሳስታ አታውቅም። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም ሳልወድ እስቃለሁ።

ከዚያ መኪናው ሳይመጣ ቀረ። ርእሰ መምህሩ ወረዳ ደወሉ፤ ወረዳው «ከላይ ነው የቆመው» አለ። በሬዲዮም ተወራ፤ ሰጪው አገር ለሌላ አገር የሚሰጠውን ለመቀነስ ወስኗል። በመጀመሪያ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በቀትር ወጥተው ድስቱን ከበው ቆሙ። ድስቱ ውስጥ ዝናብ ነበር። በሳምንቱ ከሩቅ ጎጦች የሚመጡት ልጆች የሚቀመጡባቸው አግዳሚዎች መሳሳት ጀመሩ። አንድ ቀን ስም ስጠራ የፊተኛው አግዳሚ ዝም አለ። ያቺ አፍንጫዋ የማይሳሳት ልጅ ቀርታለች።

ሰላሳ ልጅ ለማስተማር የመጣ ሰው ባዶ አግዳሚ ማስተማር አይችልም። የተማርኩት ሁሉ፣ ያዘጋጀሁት ሥዕል ሁሉ፣ ከወንዝ ለቅሜ ያመጣሁት የመቁጠሪያ ጠጠር ሁሉ ለእነሱ ነበር። ኔትወርክ ወደሚገኝበት ኮረብታ ወጥቼ ስልኬ ላይ ዜናውን አነበብኩ። የዚያ አገር ሰዎች የሚሉትንም አነበብኩ። አንዳንዶቹ አዝነዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ «የራሳችን ሰው ተቸግሮ ለሌላው ምን አገባን?» ይላሉ። ተናድጄ ወረድኩና ለአከራዬ ነገርኳቸው።

«እውነታቸውን ነው» አሉኝ እየፈተሉ።

«እንዴት እውነታቸው ይሆናል፣ እማማ?»

«አንቺ ልጅሽ እየራበው ለጎረቤት ልጅ ትቆርሻለሽ?» እንዝርቱ ቆመ። «ደግሞም አስቤዋለሁ። ሰባት ዓመቱ ሞልቶ ይሆናል። ተዝካር ከሰባት ዓመት አያልፍም። ግዴታቸውን ጨርሰዋል፤ ምን ትቀየሚያቸዋለሽ?»

ተዝካር አይደለም ብዬ ነበር፤ ደግሜ ማስረዳት አማረኝ። ግን ፊታቸው ላይ እረፍት አየሁና ተውኩት።

በገበያ ቀን አከራዬ ክራቸውን ሊሸጡ፣ እኔ ሳሙናና ሻማ ልገዛ አብረን ሞላሌ ወረድን። ጨውና ሸቀጥ ይዘው ከቆላ የሚወጡ፣ ሁላችንም የምንወዳቸው ሙስሊም ነጋዴ አሉ፤ ሸራቸው ሥር ሁልጊዜ ወሬ አይጠፋም። እዚያ የትምህርት ቤታችንን የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ አገኘናቸው። ረጅም ገበሬ ናቸው፤ ጥቁር በርኖሳቸውን ፀሐይም ቢሆን አያወልቁም። የቀረችብኝ ተማሪ የእሳቸው የመጨረሻ ልጅ ናት።

አከራዬ ነጋዴውን «ለመሆኑ እናንተ ዘንድ ተዝካር ስንት ዓመት ነው?» ብለው ጨዋታውን ከፈቱት።

«የምን ተዝካር እናቴ! የስንዴውን ነገር ከሆነ እሱ ሰደቃ ነው። ሰደቃ ደግሞ ስም አይጠየቅም። ቀኝ የሰጠውን ግራ እንዳያውቅ ነው።»

«ይቺን እንኳ ከኛ ወንጌል ነው የወሰዳችኋት።»

«እናንተ ተበድራችሁን እንዳይሆን!»

ሰብሳቢው በርኖሳቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። «ስም የሌለው ነው ያልከው? ጆንያው ላይ እንደዚያ አግዝፈው ጽፈው? ጡሩምባ እየተነፋለት የሚሰጥ ሰደቃ የት አለ? ከሳ አልከሳ ብለው የልጅ ክንድ በሪባን ይለካሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ፣ ከዚያ አገራቸው ገብተው 'አበላናቸው' ይላሉ። እኔ የቆመ ዕለት ነው ደስ ያለኝ።»

«ልጅህ ስትበላ አልነበረም እንዴ?» አሉ ነጋዴው ጨው እየሰፈሩ።

«በላች። እኔ አልበላሁም።»

ሸራው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ሰብሳቢውም ሳቁ፤ ግን ቶሎ አቆሙ። እኔ እዚህ ላይ ገባሁ። አንደኛ ሰደቃም ተዝካርም አይደለም፣ ግብር ነው፣ ብዬ ስጀምር ነጋዴው እጃቸውን አነሱ።

«ግብርማ እኔም እከፍላለሁ መምህር። ማን ነፍስ ይማር አለኝ?»

ከሳቁ በኋላ ሰብሳቢውን ለብቻቸው አናገርኳቸው። ልጅዎ ለምን ቀረች አልኳቸው። መሬት መሬት እያዩ «እናቷ ነች» አሉ። «በባዶ ሆዷ ያንን ዳገት ወጥታ ወርዳ፣ አንድ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ይቅርባት አለች። እኔ ምን ልበል?» ከዚያ «ጎበዝ ነች ይሏታል» አሉ። የጠየቁኝ ይመስል «በጣም» አልኳቸው።

ስለ ልጆቹ ምግብ የተጠራው የወላጆች ስብሰባ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በእኔ ክፍል ተደረገ። ወላጆች በልጆቻቸው አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን እስከ አገጫቸው አድርሰው ተቀመጡ። ጉሙ በተሰበረው መስኮት ገብቶ የኋለኞቹን ሸፍኗቸው ስለነበር ከኋላ የሚናገር ሰው ድምፁ እንጂ ፊቱ አይታይም ነበር። እኔ ሰሌዳው ላይ ሦስት ነጥብ ጻፍኩ፤ የራበው ልጅ እንደማይሰማ፣ የሰማውን እንደማይዝ፣ የያዘውን እንደሚረሳ። ሁሉም በአክብሮት ሰሙኝ። ከዚያ ከጉሙ ውስጥ አንድ ድምፅ «ለወረዳው አቤቱታ እናቅርብ» አለ። ሌላው «እንጠብቅ እስኪ፣ ፈረንጅ ልቡ ይራራ ይሆናል» አለ። ሰብሳቢው «እኔ ድሮም የሰው ወርቅ አያደምቅም ብያለሁ» አሉ።

እንዝርት ሲቆም ድምፅ የለውም፤ ግን እኔ ሰማሁት። አብረውኝ የመጡት አከራዬ ተነሡ።

«እኔ የማውቀው ተዝካር ነው» አሉ። «ተዝካር ያልቃል። አለቀ ብሎ የሚቀየም የለም። ደጋሹ ያለበትን አድርሷል። እኛ ግን ይኸው ደጃፉ ላይ ቆመን ባዶ ድስት እናያለን። ከሰው ተዝካር የበላ ሰው የራሱ እሳት የለውም?»

«እኔስ ምን አልኩ ታዲያ!» አሉ ሰብሳቢው።

«አንተ ያልከው አትብሉ ነው። እኔ የምለው አብሉ ነው።»

ሰብሳቢው የተቀመጡበት የልጃቸው አግዳሚ ነበር፤ ሆን ብለው ይሁን አይሁን አላውቅም። የጠረጴዛውን ጠርዝ፣ እሷ በምስማር የጫረችውን አበባ በአውራ ጣታቸው ሲዳስሱ አየኋቸው። እሳቸው የጽዋ ማኅበራቸው ሙሴ ናቸው፤ ማለትም ድግሱ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ሲዞር ሥርዓቱን የሚጠብቁት እሳቸው ናቸው። ቀስ ብለው ተነሡ።

«የጓሳን ሣር አባቶቻችን በተራ ጠብቀው አወረሱን» አሉ። «ጽዋችን በተራ ይዞራል። ድስት በተራ የማይዞርበት ምክንያት አይታየኝም።»

ደስታዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። ጠመኔ አንስቼ ሰሌዳው ላይ ሠንጠረዥ ማስመር ጀመርኩ፤ ቀን በአንድ በኩል፣ ቤተሰብ በሌላ በኩል።

«ተይው መምህር» አሉኝ ሰብሳቢው በርኅራኄ። «ማኅበር በሰሌዳ አይጠጣም። ተራ የደረሰው ድስቱ ቤቱ ያድራል። ድስት ቤቱ ያደረበት ሰው አይረሳም።»

ምን ይቀቀል በሚለው ግን ስብሰባው ሊፈርስ ነበር። ባቄላና ገብስ የሌለው ቤት ስለሌለ ንፍሮ ይሁን ተባለ። ከኋላ፣ ከጉሙ ውስጥ፣ የአንዲት እናት ድምፅ «ንፍሮ? ሰው ሳይሞት ለልጅ ንፍሮ? ሟርት ነው!» አለ።

«ሞቶማ ነው» አሉ አከራዬ። «ስሙን ነው ያላወቅነው።»

እንደዚያ የሳቀ ስብሰባ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

የመጀመሪያው ተራ የአከራዬ ሆነ። የሚቀጥለውን ገበያ ያልጠበቁት ነጋዴ በሰው እጅ ጨው ላኩልን፤ «ስሜ እንዳይጠራ» ብለው። ከእሳቸው ሌላ እዚህ ዳገት ላይ ጨው የሚያመጣ ሰው ስለሌለ ሁላችንም ያልጠራነውን ስም አወቅነው።

የዚያን ቀን ጉሙ ከወትሮው የወፈረ ነበር። ከክፍሌ መስኮት ድስቱ አይታይም፤ እንፋሎቱ ብቻ ነጭ በነጭ ላይ ሲወጣ ይታያል። ስለ ክፍልፋይ እያስረዳሁ ነበር፤ አንድን ዳቦ ለአራት። በመሐል ከፊተኛው አግዳሚ «ቲቸር፣ ዛሬ ባቄላ ነው» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጠዋት ከአባቷ በርኖስ ሥር ተጠልላ መጥታ ነበር። ጀርባዬን ለክፍሉ ሰጥቼ ሰሌዳውን ለረጅም ጊዜ ጠረግሁት።

አከራዬ ልጆቹ በልተው ሲጨርሱ «ነፍስ ይማር» እንዲሉ ፈለጉ። ርእሰ መምህሩ በትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ሃይማኖት እንደማይፈቀድ ገለጹ፤ ሕጉም እንዲያ ነው። አከራዬ ሕግ አይጥሱም። ወጥተው ከድንጋይ አጥሩ ውጭ ቆሙና ልጆቹን በአጥሩ ላይ ጠሯቸው። እኔ ተከትያቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ ነግሬዎታለሁ እኮ። የሰጡት ሰዎች በሕይወት አሉ። የሞተ ሰው የለበትም።»

ዘወር ብለው አዩኝ። አልተቆጡም፤ የገረማቸው ይመስላሉ።

«ልጄ፣ ያቺ አውቶቡስ ላይ የምታንቀላፋው ሴትዮ፤ እናት አልሞተችባትም? አባት? ሞት ያልገባበት ቤት አላቸው እንዴ እዚያ?»

ልጆቹ ከአጥሩ ወዲያ ተሰልፈው፣ አፋቸው ውስጥ ባቄላ እያለ፣ «ነፍስ ይማር!» አሉ። ድምፁ ጉሙ ውስጥ ገባ። የት እንደደረሰ አላውቅም። እኔ ግን መስኮቱ ላይ የተደገፈች ሴት፣ በዝናብ ውስጥ፣ ማን እንደጠራት ሳታውቅ ዓይኗን ስትገልጥ ታየችኝ።

ከዚያ አከራዬ የታጠበውን ድስት ለሰብሳቢው አስረከቡ። እሳቸውም ጽዋ እንደሚቀበል ሰው ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ትከሻቸው ላይ አድርገውት ወደ ሩቁ ጎጥ ሲሄዱ መጀመሪያ እሳቸው፣ ቀጥሎ በርኖሱ፣ በመጨረሻ ድስቱ ጉሙ ውስጥ ጠፋ። ልጅየዋ ክዳኑን ይዛ ተከተለች።

ሁሉም ቤት እኩል አይደለም። ድስቱ አንዳንድ ቀን ጎደል ብሎ ይመጣል፤ ሁለት ጎጦች እስካሁን አልገቡበትም፤ «መንግሥት ያብላ» የሚሉ አሉ፣ እነሱም ያለ ምክንያት አይደለም። ክፍሌ ግን ሞልቷል። የእርዳታ መኪናውም ተመልሶ ይመጣ ይሆናል፤ ቢመጣ ምን እንደምንለው ተከራክረን አልጨረስንም። ሰብሳቢው «ተራ ይያዝ» ይላሉ።

ዛሬ ተራው የእኔ ነው። አስተማሪዋም እንደ አንድ ቤት ትቆጠራለች ተብሎ ተወስኖብኛል። ገና አልመሸም፤ ድስቱ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጧል፣ ባቄላው ተዘፍዝፏል። ውሃው ሲረጋ የኮርኒሱ ሰማያዊ ፊደሎች ተገልብጠው ይታዩበታል፤ በስፌቱ የተቆረጡትም ጭምር። አከራዬ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው እየፈተሉ ጠየቁኝ፤

«ጨውስ?»

«አለ፣ እማማ።»

«ነፍስ ይማር ማለቱን ነገ አንቺ ነሽ የምታስጀምሪው» አሉና ሄዱ። ከአጥሩ ውጭ የት ጋ ቆሜ እንደማስጀምር ሳስብ ነው ይህን የምጽፈው።